የስክሪኑ ልጣጭ

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 3

ስክሪኖቹ ዛሬ ደረሱ። ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የክብሪት ሳጥን ያክላሉ። ገና ፖስታውን ቀድጄ ሳልጨርስ አባዬ ከእጄ ላይ ወሰዳቸውና ልጣጩን የምልጠው እኔ ነኝ አለ። ድሮም እንዲሁ ነው። አዲስ ሰዓት ይግዛ፣ አዲስ ሬዲዮ ይግዛ፣ ከዕቃው ይበልጥ የሚያስደስተው ፊቱ ላይ የተለጠፈውን ስስ ፕላስቲክ ማንሳት ነው። ጫፉ ላይ ያለችውን ምላስ በአውራ ጣቱ ይዞ ቀስ እያለ ሳበው። ቀኝ እጁ ገና ደህና ናት።

"ኧረ እያት፣ እያት" አለ።

ኧረ የአባዬ ቃል ናት። ሲደሰት ኧረ፣ ሲናደድ ኧረ፣ ዓሣ ሲያመልጠው ኧረ። እናቴ በሕይወት እያለች "ይኼ ሰውዬ ሲሞትም ኧረ ብሎ ነው የሚሞተው" ትለው ነበር። አሁን ግን ኧረም ብትሆን ከአፉ ስትወጣ ትንሸራተታለች። ነርቩን የሚበላው በሽታ መጀመሪያ የያዘው ምላሱን ነው። ሆባርት ከተማ ያለችው ዶክተር በዲሴምበር በጋው ሳይገባ ድምፁ ይሄዳል፣ እጁ ግን ከዚያ በኋላ ትንሽ ሊቆይ ይችላል ብላናለች።

ስለዚህ ሣጥን እየሠራሁለት ነው። አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ እሱ በአውራ ጣቱ ይጽፋል፣ ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ያነባል። ክሊኒኩ ታብሌት አውሶት ነበር። ከእጁ እየተንሸራተተ ሁለቴ ወደቀ፤ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ሲወጣ ደግሞ ፀሐዩ ምንም አያስነብብም። "እንደ ዓሣ ሻጭ የዋጋ ሰሌዳ ደረቴ ላይ ሰቅዬ አልዞርም" ብሎ መለሰው። እኔ እሠራልሃለሁ ያልኩት ያን ቀን ነው። እንጀራዬ ይኸው ነው፤ ዕቃ ከኮምፒውተር ጋር እንዲነጋገር ማድረግ።

"ቁጭ በይና ሻይ ጠጪ" አለኝ። መጣሁ አልኩትና ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የቆርቆሮ መጋዘን ሄድኩ። ጠረጴዛዬን እዚያ አድርጌዋለሁ።


እሁድ፣ ሴፕቴምበር 8

ወንድሜ ዱጋል ከምዕራብ ጠረፍ መጥቶ ነበር። ሁለት ሳምንት የሳልሞን ዓሣ እርባታው ላይ፣ ሁለት ሳምንት ቤቱ ነው። የስካሎፕ ፓይ፣ በሊጥ የተጠቀለለ የባሕር ሥጋ፣ ይዞ መጣ። አባዬ ሊጡን ትቶ መሐሉን ብቻ በማንኪያ በላ፤ ሁለታችንም ያላየን መሰልን።

"ይኼ ከርነል የምትይው ምንድነው?" አለኝ አባዬ።

"የኮምፒውተሩ ልብ ነው፤ የመርከብ ሞተር ክፍል በለው። ተሳፋሪ አይገባበትም። እኔ የምጽፈው ድራይቨር ደግሞ እዚያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው፤ የአንዲትን ዕቃ ቋንቋ ብቻ ያውቃል። ስክሪኑን በራሱ ቋንቋ ካላናገርከው አይሰማህም።"

"እንደ ዱጋል በይኛ።"

"አባዬ ምን አለ?" አለ ዱጋል። አልሰማውም ነበር። ደግሜ ነገርኩት፣ ሳቀ። ቀልድ ሲደገም ግን እንደቀዘቀዘ ሻይ ነው፤ አባዬም አወቀው።


ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12

የጻፍኩትን ወደ ማሽን ቋንቋ ለመለወጥ ኮምፓይል አደረግኩ። የስህተት መልእክቱ ቀይ በቀይ፣ ስድብ በስድብ። አንድ ነጥብ ሰረዝ ረስቼ ነው።

ደግሜ። አለፈ። ሣጥኑ ላይ ስጭነው ከርነሉ አልቀበልም አለ፤ የተሠራህለት ከርነል ሌላ፣ የመጣህበት ሌላ። ትክክል ነው። ለራሴ ኮምፒውተር ነበር የሠራሁት። የጀማሪ ስህተት ነው፤ ማንም ስላላየኝ ደስ አለኝ።


ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 19

በራ።

ግን ምን ያደርጋል። ጽሑፉ ወደ ጎን ተገፍቶ ግማሹ ተቆርጧል፣ ዙሪያውን በረዶ የመሰለ ነጠብጣብ ይርመሰመሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ነጭ ይሆንና ይጠፋል። ሻጮቹ የላኩልኝን የመቀስቀሻ ትእዛዝ ቃል በቃል ነው ያስገባሁት። ስክሪን ሲነሳ የሚነገረው ነገር አለ፤ ይህን ያህል ቮልቴጅ ውሰድ፣ ከዚህ ጥግ ጀምር፣ ቀዩን አስቀድም። ከዚያ በኋላ ነው ሥዕል የሚቀበለው።

ለአባዬ አሳየሁት። "ጭጋግ ነው?" አለኝ። ማለቱን ያወቅኩት ሦስቴ ካስደገምኩት በኋላ ነው።


ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 27

የንግግር ባለሙያዋ ፓውላ መጥታ ነበር። ፊደል የታተመበት የፕላስቲክ ሰሌዳ አመጣች። በሽተኛው በጣቱ ፊደሉን ይነካል፣ እጅ ሲደክም ደግሞ ሌላ ሰው እየነካለት እሱ በዓይኑ ይመልሳል፤ አንዴ መጨፈን አዎ፣ ሁለቴ አይደለም። አባዬ ሰሌዳውን በክርኑ ገፋው። እኔም ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴ ደግሞ አሳፈረኝ።

"ሮና፣ ይሄኛው ባትሪ አይፈልግም" አለችኝ በር ላይ።

"ሣጥኑ ሊያልቅ ነው።"

"እሺ። እስከዚያው ከእሱ ጋር ትቀመጫለሽ?"

"ቀኑን ሙሉ እዚህ ነኝ እኮ።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም" አለችና መኪናዋ ውስጥ ገባች። ደግ ሴት ናት፤ ግን ነገሯ ቀኑን ሙሉ ይከተለኛል። ሰሌዳውን ከፍሪጁ ጀርባ አስገባሁት።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 5

አንዱን ስክሪን አቃጠልኩት።

ቮልቴጁ ያነሰ መስሎኝ በግምት ከፍ አደረግኩ። ከመሐሉ ጥቁር ነገር ተነሳና እንደ ፈሰሰ ቀለም ተስፋፋ፤ አሁን ዝም ብሎ ጥቁር ነው። አጥፍቼ ባበራው፣ ድራይቨሩን አውጥቼ መልሼ ብጭነው፣ ወይ ፍንክች። መጋዘኑ ውስጥ ብቻዬን "ደደብ፣ ደደብ" እያልኩ ቆየሁ።

አንድ ቀረኝ። ሌላ አዝዣለሁ፤ ከገና በኋላ ነው የምንልክልሽ አሉኝ።


ሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ዛሬ አባዬ ራሱ ስልክ ደወለ። ለጀልባው ባትሪ ፈልጎ ወደ ዓሣ አጥማጆች ዕቃ ቤቱ ነው የደወለው። ኩሽና ሆኜ እሰማው ነበር። ስሙን ነገራቸው፣ ደገመላቸው፣ "ሎርና" አለ፣ የጀልባው ስም ነው፣ የእናቴም ስም ነው፣ ደገመላቸው። ከዚያ ስልኩን ቀስ ብሎ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቦታው መለሰው።

"ምን አሉህ?"

"ሰው… ሰክረሃል አለኝ። ዘጋው።"

አባዬ እናቴ ከሞተች ወዲህ ቢራ እንኳ ቀምሶ አያውቅም። መደወል ነበረብኝ። እዚያው ስልኩን አንስቼ ያንን ሰውዬ ልክ ልኩን መንገር ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አደረግኩ፤ መጋዘን ገብቼ የስክሪኑን ሰዓት ምት፣ መረጃ የሚቀበልበትን ፍጥነት፣ ቀነስኩ። ያው ነው። በረዶ፣ ከዚያ ነጭ።

ሣጥኑ ቢኖር ኖሮ ስልክ ላይ ምን ይጠቅመው ነበር? ይሄ አሁን ነው የታየኝ። ቢሆንም ሣጥኑ ማለቅ አለበት።


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 22

ጨንቆኝ ከርነል ሠሪዎች በሚጻጻፉበት የኢሜል መድረክ ላይ ችግሬን አወጣሁት። ከፊንላንድ ቬሳ የሚባል ሰው መለሰልኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፋብሪካው አንድ ዓይነት ሰሌዳ ላይ አራት ዓይነት መስታወት እየለጠፈ ይሸጣል። ቁጥሩ አንድ፣ መልኩ አንድ። የሚለዩት ልጣጩ ጫፍ ላይ ባለችው ምላስ ቀለም ብቻ ነው፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። እያንዳንዱ የራሱ መቀስቀሻ አለው። ሻጮቹ የላኩልኝ የቀዩን ነው።

"በግምት እንዳትሞክሪ" ይላል። "የአንዱ ቮልቴጅ ለሌላው መርዝ ነው። ምላሷ ምን ቀለም እንደነበረች ብቻ ንገሪኝ፣ ሌላውን እኔ እልክልሻለሁ።"

ሻጮቹን ጠየቅኩ፤ ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው፣ አናውቅም አሉ። የቆሻሻው በርሜል ስንት ጊዜ ተደፍቷል። ይህንን ማስታወሻ መለስ ብዬ አየሁት። "ምላስ" ብዬ ጽፌያለሁ። ቀለሟን አልጻፍኩም። የአባዬን አውራ ጣት ጽፌያለሁ።

ማታ ኩሽና ቆሜ ዱጋል ላይ በስልክ ጮህኩበት፤ እሱ ምን አደረገ? "ሰውየው ምን ይለኛል መሰለህ፣ የልጣጩ ጫፍ ምን ቀለም ነበር ይለኛል! ማን ያስታውሳል? የተጣለ ፕላስቲክ ቀለም ማን ያስታውሳል?"

"ሮ፣ ቀስ በይ። አባዬ ይሰማሻል።"

እውነቱን ነው። ሳሎን ነበር፤ በሩም ክፍት ነበር።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 23

በጩኸቴ አዝኗል። ጠዋት ገንፎውን ሳስቀምጥለት "ኧረ… ኧረ…" አለኝ። ኧረ ተይ ማለቱ ነው። ይቅርታ አባዬ አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ደግሞ "ኧረ…" አለ፤ በአገጩ ወደ መስኮቱ ያመለክታል። ዞሬ አየሁ። ከመስኮቱ ማዶ ያለው ሣር ጉልበት ደርሷል። ድሮ በየሳምንቱ ራሱ ነበር የሚያጭደው፤ ሣር ካደገ ጎረቤት ቤቱ ባለቤት የለውም ይላል ብሎ ያምናል።

ከሰዓት ማጨጃውን አስነስቼ አጨድኩት። በመስኮቱ እያየኝ ነበር። እጄን አውለበለብኩለት።


ዓርብ፣ ኦክቶበር 25

ደግሞም ኧረ። ደግሞም መስኮቱ። ሣሩ እኮ ታጭዷል።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 31

ከፖም ዛፎቹ አበባው እየረገፈ ነው፤ ነፋሱ ሌሊት ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነው ያደረው። የአባዬ ሻይ ትን እንዳይለው በዱቄት መወፈር ጀምሯል። ቀመሰውና ፊቱን አጨማደደ፤ እኔም ቀመስኩት፣ ሙጫ ነው።

ስክሪኑ ላይ ቮልቴጁን ሳልነካ የማደርገውን ሁሉ አድርጌያለሁ። ጥጉን አዛወርኩ፣ ቀለሙን ገለበጥኩ፣ ትእዛዞቹ መሐል ፋታ አስገባሁ። ጽፌ ኮምፓይል አደርጋለሁ፣ እጭነዋለሁ፣ ከርነሉ የሚተፋውን መዝገብ አነባለሁ። መዝገቡ ሁሉ ሰላም ነው ይላል። ድራይቨሩ በትክክል እየተናገረ ነው፤ ስክሪኑ ግን ሌላ ቋንቋ ነው የሚሰማው። ውሃ ወቀጣ ነው።

የተሻለውን ላሳየው ብዬ ይዤለት ገባሁ። እንኳን ሊያየው ዓይኑንም አልጣለበት። "ኧረ… ረን…" አለ፤ አፉ ላይ ምራቅ አረፋ ሠራ፤ በአገጩ መስኮቱን። ጠረግኩለት።

"ምን ላድርግልህ? ሣሩን አጨድኩ አይደል? ምን ቀረ?"

ዓይኑን ጨፈነ፤ ሁለቴ።


ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6

ዛሬ ጮህኩበት። እንዲህ ነው የሆነው። ገና በር ላይ ስደርስ ጀመረኝ፣ ኧረ፣ ኧረ። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። "ኧረ ኧረ አትበለኝ! ለአንተው ብዬ ነው የምንገላታው!" አልኩት።

መሳቅ ጀመረ። ፓውላ አስጠንቅቃናለች፤ በሽታው ሳይፈልግ ያስቀዋል፣ ሳይፈልግ ያስለቅሰዋል። ቢሆንም ሳቁ ልቤን ወጋው። ከዚያ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ጀርባውን እየመታሁ ቆየሁ። ትከሻው ውስጥ የድሮው ሰውዬ የለም፤ ሸሚዙ ብቻ ነው።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?


ዓርብ፣ ኖቬምበር 15

ነገሩ ገባኝ። ፀሐይዋ ናት። ከሰዓት በኋላ በዚያ መስኮት ገብታ ቀጥታ ዓይኑ ላይ ነው የምታርፈው፤ አገጩን ወደዚያ የሚያነሳው ለዚህ ኖሯል። ምስኪን፤ ይህን ሁሉ ጊዜ። መጋረጃውን ሳብኩለት።

"ይሻላል?" አልኩት። ረጅም ድምፅ አወጣ፣ ቃል ያልሆነ። ከዚያ መጋረጃውን ሲያይ ቆየ።

ቢያንስ አንድ ነገር ተሳካልኝ።


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21

ከዚያ ቀን ወዲህ ኧረ ብሎኝ አያውቅም። ፓውላ ጉሮሮውን አይታ "ድምፁ ሄዷል" አለችኝ። በየትኛው ቀን እንደሄደ ማወቅ ይቻላል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ለምን አለችኝ። እንዲያው ነው አልኳት።

"ሰሌዳውን እየተጠቀማችሁበት ነው?"

"አልወደደውም እኮ።"

"ሮና፣ ያን ጊዜ ድምፅ ነበረው።"

ይሄ ሣጥን ያልቃል። የቀኝ አውራ ጣቱ አሁንም ይሠራል፤ ትናንት ብርድ ልብሱን ሲቆነጥጥ አይቻለሁ። ለቬሳ ቀለሟን ማወቅ አልቻልኩም ብዬ ጻፍኩለት። "አዝናለሁ" ብሎ መለሰ። ሌላ ምን ይበል።


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 30

ዱጋል መጥቶ ሳሎን ከአባዬ ጋር ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። የእግር ኳስ ድጋሚ አዩ። እኔ ደግሞ አንዴ ትራስ ላስተካክል፣ አንዴ ውሃ ላቀብል እገባለሁ፣ እወጣለሁ።

"አንቺ ልጅ እዚህ ቤት ውስጥ ወንበር የለም?" አለኝ።

"ሥራ አለብኝ ዱጊ።"

"ሥራሽ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እሱን ላለማየት ሰበብ መፈለግ።"

አባዬ ፊት ነው ያለው። አባዬ ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ እንደተከለ ቀረ። ሳልሞን ሲያበላ የሚውል ሰው ስለ ሥራ ሊነግረኝ። እንዲህ ብዬ መጻፌም ደግ አይደለም።


ሰኞ፣ ዲሴምበር 9

ትኩሳት። ደረቱ ያፍናል። አምቡላንስ። ሆባርት። ልብሱን ረሳሁት።


ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 10

ሳንባ ምች ይዞታል። በአፍንጫው ቱቦ አስገብተውለታል፤ ፊቱ ላይ ጭንብል አለ። ዱጋል ትናንት ቤት ነበር፤ ወደ እርባታው መመለሱን በፈቃድ አስቀርቶ ሌሊቱን ከእሱ ጋር አደረ። እኔ ፒጃማውን፣ ጥርስ ብሩሹን፣ ሬዲዮውን ላመጣ ወደ ቤት ነዳሁ።

የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ቤቱ ውስጥ ብርሃን ነበር። ዱጋል አምቡላንሱ ሲመጣ መንገዱን ለማየት መጋረጃውን ከፍቶት ኖሯል። ዕቃውን ሰብስቤ ጨረስኩ፤ የጫማዬ ማሰሪያ ተፈታ። አጠገቤ የነበረው የአባዬ ወንበር ነው። ተቀመጥኩና አጎነበስኩ። አሰርኩና ቀና ስል ከፊቴ የመስኮቱ መስታወት ላይ፣ ልክ በዓይኔ ትክክል፣ ሁለት ትናንሽ ምላሶች አየሁ።

አረንጓዴ።

ልጣጮቹ ናቸው። መልሶ መስታወቱ ላይ ለጥፏቸዋል፤ እንደ ልጅ። ፕላስቲኩ ጥርት ያለ ስለሆነ አይታይም፤ ምላሶቹ ብቻ ናቸው የሚታዩት፤ ከወንበሩ ሲያዩአቸው ከኋላቸው ሰማዩና ባሕሩ ነው። ተነስቼ ቆምኩ። ጠፉ። ቆሞ ለሚያይ ከኋላቸው ያለው ሣሩ ነው፤ አረንጓዴ በአረንጓዴ። እንደገና ተቀመጥኩ፤ አሉ። ቆምኩ፤ የሉም። ስንቴ እንደተነሳሁና እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

ኧረ አልነበረም የሚለኝ።

ሰምቶኝ ነበር፤ ያን ማታ ኩሽና ሆኜ ስጮህ ሰምቶኝ ነበር፣ በማግስቱም ነገረኝ፣ በየቀኑ ነገረኝ። እኔ ሣር አጨድኩ። እኔ መጋረጃ ዘጋሁ።

አንድ ጊዜ እንኳ፣ አባዬ አንተ ታስታውሳለህ ወይ፣ ብዬ አልጠየቅኩትም።


ሐሙስ፣ ዲሴምበር 12

ቬሳ የአረንጓዴውን መቀስቀሻ ላከልኝ። ከቀዩ የሚለየው ጥቂት መስመር ነው። ቀየርኩ። ኮምፓይል አደረግኩ፤ አንድም ማስጠንቀቂያ የለም። ጫንኩት።

ጥርት አለ። በረዶ የለ፣ ጭጋግ የለ፤ ጥቁር ፊደል በነጭ፣ ጥግ ከጥግ። ፀሐይ ላይ አወጣሁት፣ ይነበባል። መጀመሪያ የጻፍኩበት "ሎርና" ብዬ ነው። ድሮ እንዲህ ሲሆንልኝ መጋዘኑ ውስጥ እዘል ነበር። ዛሬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ሣጥኑን ዘግቼ ዊንቶቹን አጠበቅኩ።


እሁድ፣ ዲሴምበር 15

ከጠዋት ጀምሮ ሆስፒታል ነበርኩ። ጭንብሉን ለጥቂት ሰዓት አንስተውለታል። ሣጥኑን ከፊቱ አደረግኩና አበራሁት፤ "ሎርና" የሚለውን አሳየሁት። አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ደስ ብሎት እንደሆነ ፊቱ መናገር አይችልም፣ ዓይኑ ግን ደስ ብሎት ነበር። እንደዚያ ብዬ ልያዘው።

ሣጥኑን እጁ ውስጥ አስገባሁና አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩለት። ጠበቅኩ። ስክሪኑ ላይ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ጣቱን ደግፌ ያዝኩለት። ጠበቅኩ። ነርሷ ገብታ ስትወጣ "ቀኙ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አይታዘዝለትም፣ ውዴ" አለችኝ፤ እንደማውቅ መስሏት ነው።

ሣጥኑን ከአልጋው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። አላጠፋሁትም።

ፓውላ ክፍሉ ውስጥ የሰቀለችው የፊደል ሰሌዳ ነበር፤ ከፍሪጁ ጀርባ ላለው ወንድሙ ነው። አወረድኩት። አልጋው ራስጌ ቆሜ በጣቴ ፊደሎቹን አንድ በአንድ መንካት ጀመርኩ። እንዴት እንደሚደረግ ብዙም አላወቅኩበት፤ እፈጥናለሁ፣ እዘላለሁ፣ መልሼ እጀምራለሁ። ዓይኑ ሲደክም ያርፋል፣ እኔም ክንዴ ሲዝል በሌላው እጄ እይዛለሁ። ምሳ መጥቶ ተመለሰ። ከመስኮቱ ውጭ የወንዙ ጀልባ ሄዳ መጣች።

አ ላይ ጨፈነ። አንዴ።

ከዚያ ረ ላይ።

"አውቄዋለሁ አባዬ" አልኩት። "አረንጓዴ ነው። አገኘሁት እኮ፣ መስኮቱ ላይ አየሁት። አረንጓዴ ነበር፣ ልክ ነህ። ይቅር በለኝ።"

ሁለቴ ጨፈነ።

አይደለም? እንደገና ጠየቅኩት። ሁለቴ። ስለዚህ ቀጠልኩ፤ ምን ሊለኝ እንደሆነ ጨርሶ አላወቅኩም። ሙሉ ረድፍ አለፍን፣ ሌላ ረድፍ አለፍን። ቁ ላይ ጨፈነ። ብዙ ቆይቶ ጭ ላይ። በ ላይ ደርሼ ሳልፋት በዓይኑ መለሰኝ። ከዚያ ይ።

ሰሌዳውን እንደያዝኩ አንብቤ ጨረስኩት። ወንበሩ ከጠዋት ጀምሮ ከኋላዬ ነበር።